ብሬሱ የቤቱ ሥራ ነው



ዛሬ የምናገረው በዋናነት ስለ ጄሶ አይደለም። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ሕክምናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በክሊኒክ፣ በባለሙያ እጅ፣ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ሁለተኛው በቤት፣ በወላጅ እጅ፣ ብሬስ በሚባለው ባለ ብረት ጫማ፣ አራት ዓመት ይፈጃል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል፣ ፎቶግራፍም ይነሣበታል፤ የተጠማዘዘው እግር ሲቃና ማየት ደስ ይላልና። ልጁ በአምስት ዓመቱ እንዴት እንደሚራመድ የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው። በክሊኒክ ስሠራ ያየሁትና አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ፦ ብሬሱ ሥራውን የሚያቆመው በአብዛኛው ጫማው ስለተበላሸ ወይም ቤተሰቡ ልጁን ስለማይወድ አይደለም። አራት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ለአንዲት እናት ብቻ ጥለንባት ስለምንሄድ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ቆልማማ እግር ማለት ሕፃኑ ሲወለድ አንድ እግሩ ወይም ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞረው፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ መርገጫው ወደ ጎን ሲያይ ነው። ከ1000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ፣ በየዓመቱ ቢያንስ 3000 ያህል ቤተሰብ ይህ ይገጥመዋል ማለት ነው። በወንዶች ላይ ከሴቶች ሁለት እጥፍ ያህል ይታያል፤ ግማሽ በሚሆኑት ሕፃናት ላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮች ናቸው። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የተሻገረችው ወይም ያየችው ነገር አላመጣውም፤ እርግማንም አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። «ከአንቺ ወገን ነው፣ አንቺ ያመጣሽው ነው» የተባለች ሴት ሕፃኑን ከሰው ዓይን ትደብቃለች። ባለ ብረት ጫማ ደግሞ የሚደበቅ ዕቃ አይደለም። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ የሚወልቅ ብሬስ ብዙውን ጊዜ የሚወልቀው በእንዲህ ያለው ኀፍረት ነው።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ሕክምና ያበጁት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በሪፐብሊካኑ ወገን ቁስለኛ ሲያክሙ ቆይተው ወገናቸው ሲሸነፍ ተሰደዱ፤ በፈረንሳይና በሜክሲኮ በኩል አድርገው አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የተስተካከሉ እግሮችን መለስ ብለው ሲመረምሩ ደርቀው፣ ደክመውና ሕመም ይዟቸው አገኟቸው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለጉ። እግሩን በእጅ ቀስ ብሎ እያቃኑ ከጣት እስከ ብሽሽት በጄሶ መያዝ፣ ጄሶውን በየሳምንቱ መቀየር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ድረስ። ከዚያ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ስለት ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ጄሶ 3 ሳምንት ሲቆይ ጅማቱ በዚያው ረዝሞ ይገጥማል። ቀጥሎ ብሬስ።

ዘዴው ለረጅም ዓመታት ብዙ ሐኪም አልተቀበለውም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዝናው የወጣው በሐኪሞች ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው የዳኑላቸው ወላጆች ለሌሎች ወላጆች እየነገሩ፣ ከሩቅ ከተማ ወደ አዮዋ እየላኩ ነው ያስፋፉት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት በሕፃንነታቸው በዚህ መንገድ ታክመው ዕድሜያቸው በአማካይ 34 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች አይቶ ከ100ው የ78ቱን ውጤት ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ብሎታል፤ እግራቸው ላይ ከነጭራሹ ምንም ባልነበረባቸው ሰዎች ዘንድ ይኸው ቁጥር 85 ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ በሉ።

እንግዲህ ከተቃና በኋላ ብሬሱ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በትክክል ያልተመለሰለት ቤተሰብ ብሬሱን ቢተወው አይፈረድበትም። ቁርበት ሲወጠር ያየ ሰው ይረዳዋል። ተጠቅልሎ የቆየ ቁርበት በእጅ ቢዘረጋም በካስማ ካልተያዘ እጁን ባነሡበት ቅጽበት ወደ ነበረበት ይጠቀለላል። በሕፃኑ ባትና በቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች እንዲያ ናቸው። ጄሶው ዘርግቷቸዋል፣ ጠባያቸውን ግን አልቀየረም። እግር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ያድጋል፤ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሕፃን እግር ርዝመቱ ሲያድግ ከሚኖረው ግማሽ ያህሉን ይዟል። በዚህ የዕድገት ወቅት የሚይዘው ከሌለ የሚያድገው ወደ ቀደመ ጥምዝማዜው ነው። ብሬሱ እግር አያቃናም፤ የተቃናውን ይዞ ያቆያል። ስለዚህም ነው እግሩ አምሮ እያለ የሚደረገው።

ከአዮዋ የወጣ ሌላ ጥናት ቁጥሩን ግልጥ አድርጎታል። ብሬሱን እንደታዘዘው ያደረጉ ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ እግሩ የተመለሰባቸው ከ100ው 6 ያህሉ ናቸው። ባላደረጉት ዘንድ ከ80 በላይ። በዚህ ሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ሌላ ነገር አላውቅም፤ የጄሶው ጥራት በራሱ እንኳን።

ብሬሱ ሁለት ጫማና መካከላቸው ያለ ብረት ነው። የብረቱ ርዝመት ከሕፃኑ ትከሻ ስፋት ጋር ይስተካከላል። የታመመው እግር ወደ ውጭ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ዞሮ ይታሰራል። አንድ እግሩ ብቻ የታመመ ሕፃን ሁለቱንም ጫማ ማድረጉ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ የታመመው እግር ወደ ውጭ እንደዞረ እንዲቆይ የሚይዘው ያ ብረት ነውና፣ ብረቱ ደግሞ የሁለቱንም እግር ድጋፍ ይፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት ነው። ቀሪዋ አንድ ሰዓት ለመታጠቢያና ለመንፈራገጫ ናት። ከ3 ወር በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ፣ ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ እስከ 4 ዓመቱ፤ ሐኪሙ ካዘዘ እስከ 5። በእኛ ሰዓት ማታ ከ1 ሰዓት እስከ ጧት 1 ሰዓት 12 ሰዓት ነው፣ የቀን እንቅልፉ ሲጨመርበት ይሞላል። ሕፃኑ መራመድ በሚለማመድበት ጊዜ ቀኑን እግሩ ነፃ ነው። «ብሬሱ እንዳይሄድ ያደርገዋል» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንግባ፤ ከባዱ እዚያ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች፣ አንዳንዴም አምስት፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። በጄሶው ሳምንታት እግሮቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አሁን አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይከተላል። ግራ ቢገባው ምን ይደንቃል! ያ ልቅሶ የመልመድ ልቅሶ ነው። በዚያ ሌሊት «አሁንስ በቃ፣ ለዛሬ ላውልቅለት» ማለት ለጊዜው ቤቱን ያሳርፋል፣ ለሕፃኑ ግን ካለቀሰ እንደሚወልቅለት ያስተምረዋል። ጥበቡ ሌላ ነው። ቀን ላይ፣ ሕፃኑ ጠግቦ ደስ ባለው ሰዓት፣ ብረቱን ይዛችሁ ሁለቱን ጉልበቶቹን አንድ ላይ እጠፉና ዘርጉ፣ እየዘፈናችሁ፣ እያጫወታችሁ። ሁለቱ እግሮች አብረው እንደሚሄዱ ሲገባው መንፈራገጥ ይጀምራል፣ ብረቱም መጫወቻው ይሆናል። ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ አጠገቡ የምትተኛውን እናት ጎን እንዳይመታ፣ ልጁም ራሱን እንዳይመታ።

ልቅሶው የማያቋርጥ ከሆነ ግን እንደ መልመድ አትቁጠሩት። ጣቶቹን እዩ። ከጠቆሩ ወይም ወደ ሰማያዊነት ካደሉ፣ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ጫማውን አውልቁና ክሊኒኩን ጠይቁ።

ብዙው ችግር የሚጀምረው ከተረከዝ ነው። ተረከዙ ከጫማው ወለል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ እግሩ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ቆዳው ይፋቃል፤ ሲፋቅ ያቆስላል፤ ሲቆስል ቤተሰቡ ያወልቃል። ብሬሱን ከተዉት ቤቶች ስንቱ በዚህ በር እንደወጣ ሳስብ ያመኛል፤ ብዙው ለመከላከል የሚቻል ነበርና። ስታስሩ የሕፃኑን ጉልበት አጥፉ፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ተረከዙ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል። የታመመውን እግር አስቀድሙ፤ ሁለተኛውን ስታስሩ ይንፈራገጣልና። ቀድሞ የሚጠብቀው መካከለኛው ማሰሪያ ነው፤ ተረከዙን የሚይዘው እሱ ነው፣ የጫማው ክር ከዚያ ይከተላል። ጫማው ከኋላ ቀዳዳ ካለው ተረከዙን በእሱ እዩት። ከዚያ ቅልጥሙን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ጣቶቹ አብረው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ተረከዙ አልተቀመጠም፣ ማሰሪያውን እንደገና አጥብቁ። አንድ ጊዜ በትክክል ከታሰረ በኋላ በጫማው ወለል ላይ ጣቶቹ የደረሱበትን ቦታ በብዕር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው፣ አባትም ሆነ አያት ወይም ሞግዚት፣ ያንን መሥመር አይቶ በትክክል መታሰሩን ያውቃል።

ካልሲው ከጥጥ የተሠራና ቀጭን ይሁን፣ እግሩን ሸፍኖ ማሰሪያው ከሚነካው በላይ ይድረስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫማውን ቶሎ ቶሎ እያወለቃችሁ ቆዳውን ተመልከቱ። ቀለል ያለ መቅላት የተለመደ ነው፣ ይጠፋል። ደማቅ ቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ቦታ፣ በተለይ ተረከዙ ላይ፣ ጫማው በደንብ አለመታሰሩን ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ለአያቶቻችን የምለምነው አለኝ። በአገራችን ሕፃን በቅቤ ይታሻል፤ መልካም ልማድ ነው፣ ገላውን ሁሉ እሹት። የቀላውን የእግር ቆዳ ግን ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ ሎሽንም አታስነኩት። ቆዳው ለስልሶ ይበልጥ ይላጣል። ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ በጥቂት ቀናት ይጠነክራል።

ስለ ማዘል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ብሬስ ያደረገ ሕፃን እግሩን በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሊታዘል አይችልም፣ ብረቱ ሁለቱን አገናኝቷልና። በአንቀልባ ሥራዋን የምትሠራ እናት ለ3 ወራት ይህን ስትነጠቅ የምትነጠቀው እጆቿን ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ገበያ የምትወጣው ልጇን አዝላ ነበር። «በቀን 23 ሰዓት» ብለን ወረቀት ሰጥተን ስንሸኛት እነዚያን ሥራዎች ማን እንደሚሠራ ጠይቀናል? ካልጠየቅን መልሱን እናውቃለን፦ ልጁ ታዝሎ ብሬሱ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ለባሎች በግልጥ እላለሁ። እነዚህ 3 ወራት የናንተ ወራት ናቸው። ሕፃኑን በክንድ የሚይዝ ወይም ውኃውን የሚቀዳ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው እናንተ ናችሁ።

ክርስትናም ይነሣል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን በሚጠመቁበት ቤት፣ ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ የወንዱ 40ኛ ቀን በጄሶው ሳምንታት መካከል ይወድቃል፤ ጄሶ ደግሞ ውኃ አይወድም። ጄሶው የሚቀየርበትን ቀን ከክርስትናው ጋር ለማስማማት ባለሙያውንም ካህኑንም ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። ለዚህ ተብሎ ግን ሕክምናው ለወራት አይገፋ። ብሬስ ላይ ለደረሰ ሕፃን ነገሩ ቀላል ነው፣ ክርስትናውም ጠበሉም በነፃዋ ሰዓት ይሁን። ጠበልና ብሬስ ተጣልተው አያውቁም። ከጠበሉ መልስ እግሩን በደንብ አድርቃችሁ ጫማውን መልሱለት።

አሁን በጣም ወደምፈራው ወቅት መጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አልፈራቸውም፣ ያልፋሉ። የምፈራው ልጁ መሄድ ሲጀምር ነው። ቆሟል፣ ይሮጣል፣ ኳስ ይመታል፣ ከሌላው ልጅ የሚለየው ምንም የለም። አያት «ምን ጎደለው ብላችሁ ነው የምታስሩት?» ትላለች፤ ጎረቤት «ምን በደለ ይኼ ልጅ?» ይላል። ልጁ ራሱም አሁን አፍ አውጥቷል፣ «አልፈልግም» ይላል። ቤተሰቡ ለአንድ ሌሊት ይተወዋል፤ ጧት ሲነሣ እግሩ እንደነበረ ነው። ለሳምንት ይተወዋል፣ አሁንም እንደነበረ ነው። በዚህ ነው የሚያታልለው። እግር በአንድ ሌሊት አይመለስም። መጀመሪያ ተረከዙ ከመሬት ትንሽ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ እንደ ቀድሞው አልታጠፍ ይላል፤ ጫማው ቀድሞ በማያስቸግርበት ቦታ ማስቸገር ይጀምራል፤ ከዚያ ልጁ በእግሩ የውጭ ጠርዝ ይረግጣል። እናት «ጫማው ጠበበው መሰለኝ፣ አልገባ አለኝ» ብላ ስትመጣ፣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጫማው ጠቦ ሳይሆን እግሩ መመለስ ጀምሮ ነው።

ለዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው ሥርዓት ነው። የመኝታ ልብስ ሲለበስ ብሬሱም ይደረጋል፤ አይለመንም፣ አይደራደሩበትም፣ የቁጣ ነገርም አይሆንም። በቤቱ ያሉ ሁሉ አንድ ቃል ይናገሩ። አባት ሲያስር አያት «ተወው» የምትል ከሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ለማን መስማት እንዳለበት በደንብ ያውቃል። ስለዚህም ነው አያቶች ከሕፃኑ ጋር ወደ ክሊኒክ እንዲመጡ የምለምነው። እርስዎ፣ እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ልቅሶ መስማት እንደሚያምዎት እናውቃለን። ግን በዚያ ቤት የእርስዎ ቃል ከእኛ ወረቀት ይበልጣል። ማሰሪያውን በእጅዎ ሲያስሩ ልጁም ምራትዎም ያርፋሉ። በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቼም ያው ይገጥማቸዋል፤ ልጇን ለማየት ከአገር ቤት የሄደች አያት ብሬሱን አይታ ስትደነግጥ አስረዷት፣ ማሰሩንም አስተምሯት።

ስለ ጫማው አቅርቦት ባጭሩ ልናገር። ብሬስ የግድ ውድ የውጭ ዕቃ አይደለም። በኡጋንዳ፣ ካምፓላ፣ ሚኪል ስቴንቤክ የተባሉ ባለሙያ በአካባቢው ከሚገኝ ቆዳና ብረት የሚሠራ ብሬስ አበጅተዋል፤ ለብዙ የአፍሪካ አገሮችም አርአያ ሆኗል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ከሚገኘው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል ጀምሮ በየክልሉ ባሉ ሆስፒታሎች ይህ ሕክምና ይሰጣል፣ በብዙ ቦታም ብሬሱ በበጎ አድራጎት ድጋፍ ይታደላል። ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ አልፈው ከታጠፉ ልጁ ጫማውን አልፎታል፤ ትከሻው ሲሰፋም ብረቱ ይረዝማል። ስለዚህ ቀጠሮ የሚሰጠው እግሩን ለማየት ብቻ ሳይሆን ጫማውንም ለመለካት ነው። የአጨዳ ወቅት ሆኖ ወይም መንገዱ በክረምት ተቆርጦ ለቀጠሮው መምጣት የማትችሉ ከሆነ፣ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ተለቅ ያለውን ጫማ አስቀድመን እንስጣችሁ።

የመጨረሻ ቃሌ ለሁለት ወገን ነው። ለሙያ ባልደረቦቼ፦ ብሬሱን አቋርጣ የመጣች እናትን በሰው ፊት አትቆጧት። የተቆጣናት እናት በሚቀጥለው አትመጣም፣ ልጇም አብሯት ይቀራል። ማን እንዳገዛት፣ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ጫማው የት እንደላጠው ጠይቋት፤ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው በመልሷ ውስጥ አለ። ለወላጆች ደግሞ፦ ብሬሱን ትታችሁት የቆያችሁ ካላችሁ፣ ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ ተመለሱ። መመለስ የጀመረ እግር ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ጄሶ እንደገና ይቃናል፤ ከፍ ባለ ልጅ ደግሞ አንድ ጅማት ወደ ሌላ ቦታ በሚያዛውር ቀዶ ሕክምና ይረዳል። በጊዜ ለመጣ ሁሉ የምንሠራው ነገር አለን። ቀጠሮ አለፈብን ብላችሁ አትፈሩ፤ ያለ ቀጠሮም ቢሆን ልጁን ይዛችሁ ኑ፣ አባትየውንም ይዛችሁት ኑ።